የትምህርት ቤት ደህንነት ድጎማ በሜሪላንድ፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ ምን ላይስ ይውላል?

የሜሪላንድ ግዛት 24 የትምህርት አስተዳደሮች አሏት፦ 23 ካውንቲዎችና የባልቲሞር ከተማ። በእነዚህ ሥር ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በራቸውን እንዲያጠናክሩ፣ የፖሊስ ጥበቃ እንዲያገኙና አደጋ ላይ ያለን ወይም ሌላውን የሚያስፈራራን ተማሪ በጊዜ እንዲለዩ ግዛቲቱ በየዓመቱ ድጎማ ትመድባለች። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ የቤታቸው ጉዳይ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኳቸውን ዋና ዋና ማስታወቂያዎች በአማርኛ ጭምር የሚያዘጋጁትም በየክፍሉ የተቀመጡ ልጆቻችን ብዙ ስለሆኑ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድጎማው የተወለደው ከሐዘን ነው። በኦገስት 2012 በባልቲሞር ካውንቲ የፔሪ ሆል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ በመመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ተኩሶ ሌላ ተማሪ አቆሰለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር በኮነቲከት ግዛት በሳንዲ ሁክ 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ተገደሉ። ሜሪላንድ በ2013 የትምህርት ቤት ደህንነት ማዕከል ያቋቋመችው በዚህ ድንጋጤ መካከል ነበር። ማዕከሉ መጀመሪያ ከግዛቲቱ ፖሊስ ጋር የተያያዘ፣ አቅሙም ውስን ነበር። በፌብሩዋሪ 2018 በፍሎሪዳ ፓርክላንድ 17 ሰዎች ሲገደሉ ክርክሩ እንደገና ተቀሰቀሰ፤ አምስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ማርች 20፣ በሜሪላንድ በራሷ በሴንት ሜሪስ ካውንቲ የግሬት ሚልስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ17 ዓመት ተማሪ በኮሪደር ላይ ተኮሰ። የ16 ዓመት ተማሪ ሕይወቷ አለፈ፣ ሌላ የ14 ዓመት ልጅ ቆሰለ። የግዛቲቱ ምክር ቤት የዓመቱን ስብሰባ ሊዘጋ ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበርና ሴፍ ቱ ለርን የተባለውን ሕግ አጣድፎ አጸደቀ፤ ገዥው ላሪ ሆገንም በኤፕሪል ፈረሙበት።

ሕጉ ማዕከሉን በትምህርት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል አደረገው። ከበላዩም የትምህርት፣ የፖሊስ፣ የጤናና የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ኃላፊዎች ከዐቃቤ ሕጉ ጋር የሚቀመጡበት ኮሚቴ አቆመ። እያንዳንዱ የትምህርት አስተዳደር አንድ የደህንነት አስተባባሪና አንድ የአእምሮ ጤና አገልግሎት አስተባባሪ እንዲሰይም፣ ትምህርት ቤቶቹም አንድ በአንድ እንዲገመገሙ ታዘዘ። የግምገማው ዝርዝር ለሕዝብ አይገለጥም፤ የትኛው በር እንደላላ ማወጅ ለክፉ አሳቢ መንገድ ማሳየት ነውና ይህ ተገቢ ነው።

ከገንዘቡ ሁለቱ ዋና ዋና ምንጮች እኩል ናቸው። በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ለትምህርት ቤት ፖሊሶች ይመደባል፤ የሚከፋፈለውም በየአስተዳደሩ ባሉት ትምህርት ቤቶች ብዛት ነው። ሌላ 10 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ለሕንፃ ማሻሻያ ይውላል፤ ይህንን የሚያስተዳድረው የትምህርት ቤቶች ግንባታን የሚመራው ኮሚሽን ነው። ለጥላቻ ወንጀል ተጋላጭ ለሆኑ ትምህርት ቤቶችና የሕፃናት ማቆያዎችም ለብቻው የተዘጋጀ ድጎማ አለ።

የሕንፃው ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ማንኛውም ወላጅ በዓይኑ ያየዋል። ልጁን ከሰዓቱ ቀድሞ ሊወስድ የመጣ አባት ዋናው በር ላይ ደውል ይጫናል። ከበላዩ ካሜራ አለ፤ የጽሕፈት ቤቷ ሠራተኛ በድምፅ ማጉያው ማን እንደሆነና ለምን እንደመጣ ትጠይቀዋለች። የመጀመሪያው በር ሲከፈትለት የሚገባው ወደ ኮሪደሩ ሳይሆን ሁለተኛ የተቆለፈ በር ወዳለበት ጠባብ ክፍል ነው። መንጃ ፈቃዱን ያስረክባል፣ በማሽን ይነበባል፣ ስሙና ፎቶግራፉ ያለበት ተለጣፊ ወረቀት ታትሞ ይሰጠዋል። በቋንቋው ለማይተማመን ሰው ያቺ ደቂቃ ታሸማቅቃለች፤ ነገር ግን ማንም ሰው በቀጥታ ወደ ክፍል እንዳይዘልቅ የምታደርገው እሷ ናት። ከበሩ በተጨማሪ ከውስጥ የሚቆለፍ የክፍል በር፣ ፖሊስ ከሩቅ ሊያየው የሚችል ካሜራና የመገናኛ ሬዲዮ በዚሁ ገንዘብ ይገዛል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። በፔሪ ሆል፣ በግሬት ሚልስ፣ በ2022 በሞንትጎመሪ ካውንቲ የማግሩደር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ2024 በሃርፎርድ ካውንቲ በጆፓታውን፣ በአራቱም ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ይዞ የተገኘው የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። በማግሩደርም ሆነ በጆፓታውን ጉዳቱ የደረሰው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው። ባለ ሁለት በሩ መግቢያ ባዕድን ያቆማል፤ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ቦርሳውን አንግቦ የገባን ልጅ አያቆምም። ገንዘቡ በር ላይ በቀላሉ የሚፈስሰው በር ስለሚቆጠርና ለሕዝብ ስለሚታይ ይመስለኛል፤ የትምህርት ቤት አማካሪ ሥራ ደግሞ ውጤቱ ሳይደርስ የቀረ ነገር ነው፣ ያልተተኮሰ ጥይት ለሪፖርት አይመችም።

ለዚህ መልስ የሚሰጠው የሕጉ ክፍል የሥጋት ግምገማ ቡድን የሚባለው ነው። ሐሳቡ ከጎረቤት ቨርጂኒያ የመጣ ነው። በ2007 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ግዛቲቱ ለዩኒቨርሲቲዎች፣ በ2013 ደግሞ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሙሉ እንዲህ ያለ ቡድን በሕግ ግዴታ አደረገች። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁሩ ዱዊ ኮርኔል ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት የአሠራር መመሪያም በብዙ ግዛቶች ተሰራጭቷል። አንድ ተማሪ «እገድልሃለሁ» ቢል ርዕሰ መምህሩ፣ አማካሪው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውና ፖሊሱ ይቀመጣሉ። ልጁንና የሰሙትን ያነጋግራሉ። በንዴት የተነገረ፣ በይቅርታና በማብራሪያ የሚያበቃ ነው? ወይስ ዒላማ የተመረጠለት፣ መሣሪያ የተፈለገለት፣ ለሌሎች የተነገረ ዕቅድ ነው? የመጀመሪያው ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋል። ሁለተኛው ከሆነ ዒላማ የሆነው ልጅና ወላጆቹ እንዲያውቁ ይደረጋል፣ ጥበቃ ይመቻቻል፣ ለአስፈራሪውም የክትትልና የሕክምና ዕቅድ ይወጣል። ቡድኑ ልጅን ለማባረር የተቋቋመ አይደለም፤ በደንብ ሲሠራበት እንዲያውም ያለ ነገር ከትምህርት ገበታ የሚታገዱ ልጆችን ያድናል። ሜሪላንድ እያንዳንዱ የትምህርት አስተዳደር ለዚህ ፖሊሲ እንዲያወጣ እስከ ሴፕቴምበር 2019 ቀጠሮ ሰጥታ ነበር። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ተማሪም ወላጅም ስሙን ሳይገልጽ በማንኛውም ሰዓት ጥቆማ የሚሰጥበት ሴፍ ስኩልስ ሜሪላንድ የተባለ መስመር አለ።

ከሁሉ የበለጠ ያከራከረው የፖሊሱ ገንዘብ ነው። ሕጉ ፖሊስ በየትምህርት ቤቱ ይቀመጥ አይልም፤ «በቂ የፖሊስ ሽፋን» ይኑር ይላል። አንዱ ካውንቲ ቋሚ ፖሊስ ያስቀምጣል፣ ሌላው በአቅራቢያ የሚዘዋወር ቅኝት ይበቃኛል ይላል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2021 ፖሊሶቹን ከትምህርት ቤት አስወጣ። ምክንያቱ ከባድ ነበር፤ በግዛቲቱ ጥቁር ተማሪዎች ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ያህል ሆነው ሳለ በትምህርት ቤት ከተያዙት መካከል ግን ከግማሽ በላይ ነበሩ። የእኛ ልጆች በፖሊስ ዓይን ከእነዚህ ተለይተው አይታዩም፤ ስለዚህ ይህ ቁጥር እኛንም ይመለከታል። በጃንዋሪ 2022 ግን ማግሩደር ውስጥ አንድ የ15 ዓመት ልጅ፣ ከተለያዩ ክፍሎች በተገጣጠመ፣ መለያ ቁጥር በሌለው ሽጉጥ ቆሰለ፤ ወላጆችም ፖሊሶቹ ይመለሱ ብለው ጠየቁ። በዚያው ዓመት በአዲስ ስምምነት ተመለሱ፦ በጽሕፈት ቤቱ አጠገብ መሥሪያ ቦታ ይኖራቸዋል፣ በተማሪ ሥነ ሥርዓት ጉዳይ ግን እጃቸውን አያስገቡም። ሕጉ በትምህርት ቤት ለሚመደብ ፖሊስ ግጭትን ማብረድን፣ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን አያያዝና የዘር ልዩነትን የሚመለከት ሥልጠና ማስገደዱም መልካም ነው።

ከግዛቲቱ ገንዘብ በላይ የፌዴራል ድጋፍ አለ። በማርች 2018 የወጣው ስቶፕ ስኩል ቫዮለንስ ሕግ ለሥልጠናና ለሥጋት ግምገማ፣ ለመሣሪያም ገንዘብ ከፈተ። በፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በኩል የሚሰጠው የመሣሪያ ድጎማ ከወጪው እስከ 75 በመቶ፣ ቢበዛ 500 ሺህ ዶላር ይሸፍናል፤ ቀሪውን አመልካቹ ያወጣል። በዩቫልዲ፣ ቴክሳስ 19 ተማሪዎችና 2 መምህራን ከተገደሉ በኋላ በጁን 2022 የጸደቀው ሕግ ደግሞ 1 ቢሊዮን ዶላር በግዛቶች በኩል ለአስተማማኝ ትምህርት ቤቶች፣ ሌላ 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለትምህርት ቤት የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች መደበ። በኤፕሪል 2025 የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ከኋለኛው አብዛኛውን እንደማይቀጥል አስታወቀ፤ ግዛቶችም ተባብረው ከሰሱት። ከግዛት በሕግ የተመደበው 10 ሚሊዮን ከፌዴራል ድጎማ አነስተኛ ቢሆንም፣ በየዓመቱ ይመጣል ተብሎ ሊታቀድበት ይችላል። አማካሪ የሚቀጠረው አንድ ድጎማ እስኪያልቅ ድረስ ሳይሆን ለአንድ ልጅ አራት የሁለተኛ ደረጃ ዓመታት ነውና ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ወላጅ ድምፁን የሚያሰማበት ጊዜ የታወቀ ነው። የግዛቲቱ ምክር ቤት በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ አናፖሊስ ተሰብስቦ ለ90 ቀን ይቀመጣል፤ በጀቱንም የሚያጸድቀው በዚህ ውስጥ ነው። የሞንትጎመሪ የትምህርት ቦርድ ስለ በጀቱ የሕዝብ አስተያየት የሚቀበለው በጃንዋሪ፣ የካውንቲው ምክር ቤት ደግሞ በኤፕሪል ነው። የካውንቲው በጀት እስከ ጁን 1 ይጸድቃል፣ አዲሱም የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ከመሐንዲሱና ከፖሊስ አዛዡ ቀጥሎ ተነስቶ፣ «በልጄ ትምህርት ቤት አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ ይይዛል?» ብሎ መጠየቅ ለማንኛውም ነዋሪ የተፈቀደ ነው።