ጤና ቡድንና ቡሄ በአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች

ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ቦሌ አራብሳ ወዳሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ቅዳሜና እሁድ በማለዳ ብትወጡ ክፍት ቦታ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ጎልማሶች ታያላችሁ። «ጤና ቡድን» ይባላሉ። ሰብሳቢውም፣ ገንዘብ ያዡም፣ ዳኛውም ከመካከላቸው የተመረጡ ናቸው። የሚከፈለው የለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በየወሩ መዋጮ አለ። ያረፈደ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ለኳስና ለውሃ ይውላል። ሰው ከበዛ ሦስት ቦታ ይከፈላሉ፤ ጎል የገባበት ይወጣል፣ ተረኛው ይገባል። ከዚያ ሻይና ፉል፣ ብዙ ጨዋታ።

የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1996 ዓ.ም. ሲጀመር ቤቱ በዕጣ የሚደርስ ሆነ። ከተለያየ ሰፈር የመጣ ሰው በአንድ ደረጃ እየወጣ እየወረደ ስም ሳይጠያየቅ ይከርማል። የለመደው እድርና ዕቁብ ድሮ ሰፈሩ ቀርቷል። ለእኔ የጤና ቡድን ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ የሚደወልለት ሰው ሜዳ ላይ ይገኛል። አባል ሲታመም ተሰብስበው ይጠይቁታል። ሐዘን ሲደርስበት መዋጮ ይዘው ይደርሳሉ፣ አብረውት ያመሻሉ።

ለሰውነትም ይበጃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው የሁለት ጠዋት ኳስ ትልቅ ነገር ነው። ግን አደራ፣ ሳይሟሟቁ አይገባም፤ ዕድሜው የገፋም ግፊቱን ይለካ።

ክረምት የልጆች ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ወጣቶች የታዳጊ ውድድር ያዘጋጃሉ። ሱቅ በሱቅ ዞረው ለማሊያ ይለምናሉ፣ የባሕር ዛፍ አጣና ተክለው ጎል ይሠራሉ፣ መስመሩን በኖራ ያሰምራሉ። ዝናቡ ያጥበዋል። በነጋታው እንደገና ያሰምሩታል።

ውድድሩ ሳያልቅ ቡሄ ይደርሳል፤ በዓሉ ነሐሴ 13 ነው። ፎቅ ላይ ያደገ ልጅ «ሆያ ሆዬ»ን ከማን ይማር? ወጣቶቹ ናቸው የሚያለማምዱት፤ ማን አውራጅ፣ ማን ተቀባይ እንደሚሆን ይለያሉ። በዋዜማው በሕንፃዎቹ መካከል ችቦ ይበራል፣ እናቶች ሙልሙል ያወርዳሉ። ለእንቁጣጣሽም ሴቶቹ ልጆች «አበባየሁሽ»ን በዚያው መንገድ ይለማመዳሉ።

የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የእናቶች ጉዳይ ነው። ጨዋታው ሁሉ ኳስ ከሆነ፣ ሰዓቱም ቁርስ የሚሠራበት ከሆነ፣ ከዳር ቆመው ይቀራሉ። የጠዋት ኤሮቢክስ የተጀመረባቸው ግቢዎች ግን ሴቶችን ማምጣት ችለዋል። ሁለተኛው ሜዳው ነው። ክፍት ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ግንባታ የተያዘ ነው። አጥሩ የታጠረ ዕለት ቡድኑ ይበተናል። ስለዚህ ከአካባቢው ትምህርት ቤት ጋር ቀድሞ ተነጋግሮ፣ ጽዳቱንና ጥበቃውን ቡድኑ ወስዶ፣ ግቢውን ቅዳሜና እሁድ መጠቀም የተሻለ ነው።