የሲጋራ ሽታ የጠጡ ያገለገሉ ጌሞችና ካርቶኖቻቸው

ያገለገለ የቪዲዮ ጌም በፖስታ አዝዞ የሚያውቅ ሰው ይህችን ቅጽበት ያውቃታል። ፖስታው ሲቀደድ፣ ካርቶኑ ገና ሳይወጣ የሲጋራ ሽታ ይወጣል። ሻጩ ፎቶ ሲያነሳ ጠርዙን፣ ጀርባውን፣ ጭረቱን ሁሉ አሳይቷል። ሽታን ግን ፎቶ አያሳይም። ብዙ ጊዜ ሻጩ አውቆ የደበቀው ነገርም የለም። አፍንጫው ቤቱን ለምዶታል።

ችግሩ በብዛት የሚታየው አሜሪካ፣ አውሮፓና ጃፓን ውስጥ በሚሸጡ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ጌሞች ላይ ነው። ያኔ ሳሎን ቁጭ ብሎ ማጨስ የተለመደ ነበር። ጌሙም የሚቀመጠው እዚያው ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ነው። የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ፣ ኤንኢኤስ የተባለውን የጌም ማጫወቻ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ጌም ቦይ በ1989፣ ሱፐር ኒንቴንዶ በ1991፣ ኒንቴንዶ 64 በ1996 ተከተሉ። የነዚህ ሁሉ ጌሞች እዚያ የሚሸጡት በስስ ካርቶን ታሽገው ነበር። አብዛኛው ልጅ ካርቶኑን ቀዶ ይጥለዋል። ስለዚህ ዛሬ ካርቶኑና የመመሪያ መጽሐፉ ያልጠፋ ጌም ከባዶው ካርትሪጅ (ማጫወቻው ላይ ከሚሰካው የጌም ካሴት) እጅግ ይወደዳል። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲሸት አውጥቶ መጣል አንጀት አይችልም።

ጭስ ዕቃ ውስጥ እንዴት እንደሚቀር እናቶቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል። የወተት ቅል በወይራ ይታጠናል። ጭሱ ከጠፋ በኋላ ጠረኑ በቅሉ ግድግዳ ውስጥ ይቀራል፤ ወተቱንም ቅቤውንም ለቀናት ያጣፍጣል። የሲጋራ ጭስም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ማንም የማይፈልገው መሆኑ ነው። በውስጡ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ። ኒኮቲኑና ሬንጁ እንደ ስስ ቅባት በየዕቃው ላይ ያርፋሉ። ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ከላይ ይቀመጣሉ። ካርቶንና ወረቀት ውስጥ ግን ይሰርጋሉ፤ ከዚያም ቀስ እያሉ፣ በተለይ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኙ፣ ተመልሰው ወደ አየር ይወጣሉ።

ጉዳዩ አፍንጫ ከማስቀየም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካው ሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አሳይተዋል። በዕቃ ላይ የቀረ ኒኮቲን በቤት አየር ውስጥ ከሚገኝ ናይትረስ አሲድ ጋር ሲገናኝ ካንሰር አምጪ ውህዶች ይፈጥራል። ጌም የሚነካካው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው፤ ልጅ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እኔ ጓንት አድርጌ የማጸዳው ለዚህ ነው።

ዲስኮች ቀላል ናቸው። ለስላሳ ጨርቅ በትንሹ አርጥቦ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ መጥረግ ይበቃል፤ ዙሪያውን መፈተግ ግን ጭረት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ጀምሮ የተለመዱት የፕላስቲክ ማቀፊያዎችም አያስቸግሩም። የሽፋኑን ወረቀትና መመሪያውን አውጥቶ፣ ባዶውን ፕላስቲክ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቦ፣ አንድ ቀን ሙሉ ማድረቅ ነው። ወረቀቱ የሚመለሰው ፕላስቲኩ ውስጥ ጠብታ እንኳ እንዳልቀረ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ካርትሪጅ፣ እኛ ልጅ ሆነን ካሴት የምንለው፣ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኒንቴንዶዎቹ ብሎን ብዙውን ጊዜ በተራ ካቻቢቴ አይፈታም። 3.8 ሚሊሜትር የሆነ ልዩ አፍ ያለው መፍቻ ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ላይ በርካሽ ይገኛል። ሲከፈት ውስጡ አንድ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለ። በአንዳንዶቹ ላይ የተጫዋቹን ውጤት የሚይዝ ክብ ባትሪም ተበይዶበታል። ሰሌዳውን ውሃ እንዳይነካው! መገናኛ ጥርሶቹን ብቻ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና በጆሮ ጥጥ ማሸት ነው። የመጀመሪያው ጥጥ የወፈረ ሻይ መስሎ ይወጣል። ሁለተኛው ቀጠን ያለ ሻይ ይሆናል። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ነጭ ሆኖ ሲወጣ ሥራው አልቋል። የፕላስቲኩ ልባስ ግን የተለጠፈበት ወረቀት ስላለ አይዘፈዘፍም። ከውስጥ በሳሙና፣ ከውጭ ደግሞ ወረቀቱን እየዘለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ወደ ቢጫ ያደላ ፕላስቲክ ሁሉ አጫሽ ቤት የኖረ አይደለም። የድሮ ማጫወቻዎች ፕላስቲክ በብርሃንና በዕድሜ ብዛት ራሱ ቢጫ ይሆናል። መለያው ቀላል ነው። የሲጋራ ቢጫ በሳሙና ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል፤ የዕድሜው አይለቅም። ያኛውን አንዳንዶች በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በብርሃን ያነጡታል። ከሽታ ጋር ግን ግንኙነት የለውም።

ትልቁ ፈተና ካርቶኑና መመሪያው ናቸው። የሱፐር ኒንቴንዶን ካርቶን አንስታችሁ ውስጡን እዩት። ውጩ የሚያብለጨልጭ ቅብ ስላለው በጣም በተጨመቀ ጨርቅ በቀላሉ ሊጠረግ ይችላል። ውስጡ ግን ያልተቀባ ጥሬ ካርቶን ነው። ካርትሪጁን ደግፎ የሚይዘው የታጠፈ ካርቶንም እንዲሁ። ጭሱን የጠጣው ይኼኛው ገጽ ነው። ውሃ ቢነካው ያብጣል፣ ይጣመማል፣ ከዚያም ሻጋታ ይከተላል። የሻጋታ ሽታ ደግሞ ከሲጋራው ይብሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ በደረቁ ነው። ቃጠሎ ከደረሰበት ቤት ጥላሸት የሚያነሱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ደረቅ የጎማ ስፖንጅ አለ። ሳይጫኑ በአንድ አቅጣጫ ሲጎትቱት ቡናማውን ያነሳል። ከዚያ ክዳኑ ግጥም የሚል ትልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ይዘጋጃል። ታችኛው ላይ አክቲቬትድ ካርቦን (ሽታ የሚስብ ከሰል) ወይም ቤኪንግ ሶዳ በሰፊ ሳህን ይቀመጣል። ካርቦኑ ይሻላል፤ ቀዳዳው ከመብዛቱ የተነሳ የ1 ግራሙ ገጽ ቢዘረጋ ከ500 ካሬ ሜትር ያልፋል፤ ሽታውም እዚያ ላይ ይጣበቃል። ሽታ ያልተጨመረበት የድመት መጸዳጃ ጠጠርም ይሠራል። ካርቶኑ ክዳኖቹ ተከፍተው፣ መመሪያው ገጾቹ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ከዱቄቱ ሳይነካኩ ይቀመጣሉ። በየሳምንቱ አየር ባለበት ጥላ ሥር ጥቂት ሰዓት ይናፈሳሉ፤ ቤኪንግ ሶዳውም ይቀየራል። እኔ ጋ ፈጣኑ ሁለት ሳምንት ፈጅቷል። አንድ መመሪያ ደግሞ ሁለት ወር ቆይቶልኛል።

ሽቶ መርጨት ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም፤ ቆይቶ ሁለቱ ተደባልቀው ይመጣሉ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ኦዞን የተባለ ጋዝ የሚለቅ ማሽን ሽታን በእርግጥ ይሰብራል፤ ነገር ግን ወረቀትንና ጎማን ያስረጃል፣ ሳንባንም ይጎዳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም ሰው ባለበት ቤት ስለመጠቀሙ ያስጠነቅቃል።

በሻንጣ ወደ አገር ቤት የሚላክ ያገለገለ ማጫወቻ ከሆነ አንድ ነገር ይጨመራል። ማራገቢያው ላይ አቧራና ሬንጅ ተላቁጠው ይጣበቃሉ፤ በአየር ብቻ አይነሳም። ተፈትቶ በብሩሽና በአልኮል ካልተጸዳ ማሽኑ ይግላል። ከጸዳ በኋላም ካርቶኑን ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ክፍል ማራቅ ደግ ነው። ካርቶን ጭስ አይመርጥም።

ሽታው መልቀቁን ለማወቅ ሣጥኑን ዘግቶ ማሳደር፣ ጠዋት ከውጭ እንደገቡ መክፈት ነው። ከተቻለ ደግሞ ሲያጸዳ ያልሰነበተ ሰው ያሽትተው። መመሪያውን መሃሉ ላይ፣ ስቴፕሉ ያለበት ጋ ገልጦ ያሽትት፤ አየር የማያገኘው ቦታ እሱ ስለሆነ መጨረሻ የሚለቀው ከዚያ ነው።