ፒችዋይ ሲባል ምን ማለት ነው?

የሂንዱ አምላክ ክሪሽና በጨርቅ ላይ የተሳለበትን ሥዕል ሁሉ ፒችዋይ ብሎ መጥራት እየተለመደ በመምጣቱ፣ ቃሉን ማብራራት ተገቢ ይመስለኛል። ትርጉሙ «ከኋላ የሚሰቀል» ነው፤ በሕንድ ራጃስታን ግዛት፣ በናትድዋራ ቤተ መቅደስ፣ ሽሪናትጂ ተብሎ ከሚመለከው የክሪሽና ምስል ጀርባ የሚዘረጋ መጋረጃን ያመለክታል። ስለዚህ ስያሜው መጀመሪያ የተነሣው ከሥዕሉ ይዘት ሳይሆን ከሚሰቀልበት ቦታ ነው።

መጋረጃው እንደየወቅቱና እንደየበዓሉ ይቀየራል፤ ለምሳሌ ሻራድ ፑርኒማ በተባለው የመጸው ሙሉ ጨረቃ በዓል የሚሰቀለው፣ በጨረቃ ብርሃን የሚደረገውን የክሪሽናና የእረኛ ልጃገረዶቹን ጭፈራ ያሳያል። አገልግሎቱ ይህ መሆኑ እርግጥ ሲሆን፣ መጠኑ፣ ቀለሙና የሚሳልበት ታሪክ ግን ይለያያል። እንዲያውም (እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ይህ ነው) በአንዳንድ የክረምት መጋረጃዎች ላይ ክሪሽና ጨርሶ አይሳልም፤ ልጃገረዶቹ ግራና ቀኝ የቆሙለት አንድ የካዳምባ ዛፍ እርሱን ይወክላል።