ከፒቱታሪ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረገው የሆርሞን ክትትል ምንድን ነው?

ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ጀርባ የምትገኝ የአተር ፍሬ የምታክል አካል ናት። አንገት ላይ ያለውን ታይሮይድንና ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናሎች የምታዘው እሷ ናት። ዕጢ ሲበቅልባት ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ በአፍንጫ በኩል ገብተው ያወጡታል። ፊት ላይ ቁስል ስለማይታይ ቤተሰብ ግራ ይገባዋል። ሰውየው ደህና ሆኖ ሳለ ደሙን በየጊዜው የሚቀዱት፣ ሽንቱንም የሚለኩት ለምንድን ነው? የተነካችው ፒቱታሪ ሥራዋን ልትቀንስ ወይም ልታቆም ትችላለች። ይህን ደግሞ በዓይን አይተው አያውቁትም።

ቀድሞ የሚመረመረው ኮርቲሶል ነው። አድሬናሎች በፒቱታሪ ትእዛዝ የሚያመርቱት፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር እንዳይወርድ የሚያግዝ ሆርሞን ነው። መመረቱ ከቆመ በሰዓታት ውስጥ ከደም ያልቃል፤ ድካም፣ ማቅለሽለሽና የግፊት መውረድ ይከተላሉ። ደሙ የሚቀዳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ በጤናማ ሰው ከፍ የሚለው ጠዋት ነውና። ሕመምተኛው ሃይድሮኮርቲሶን የሚባለውን ኮርቲሶልን የሚተካ መድኃኒት እየወሰደ ከሆነ የጠዋቱን ከመዋጡ በፊት ይቀዳል። አለዚያ ውጤቱ ያሳስታል። በኩሺንግ በሽታ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዕጢው ኮርቲሶል ሲያበዛበት ለኖረ ሰው፣ ቁጥሩ በጣም መውረዱ ዕጢው ለመውጣቱ ጥሩ ምልክት ነው። እስኪያገግም ግን መድኃኒቱ ያስፈልገዋል፤ በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል።

የታይሮይድ ሆርሞን በደም ውስጥ ስለሚቆይ ዋናው ምርመራ ከሳምንታት በኋላ ነው።

ትልቁ ጉዳይ ውሃ ነው። ሽንት እንዳይበዛ የሚቆጣጠረው ሆርሞን የሚለቀቀው ከፒቱታሪ የኋላ ክፍል ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ይህ ሆርሞን ካነሰ፣ ሽንቱ እንደ ውሃ ነጥቶ በሰዓት ከ250 ሚሊ ሊትር በላይ ለተከታታይ ሰዓታት ሊወርድ ይችላል። ጥሙ አያስቀምጥም። በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም (የጨው ንጥረ ነገር) ከ145 ሚሊሞል በሊትር ሊያልፍ ይችላል። ሽንትና ጥም ቢያበዛም ከስኳር በሽታ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ዴስሞፕሬሲን የሚባል መድኃኒት አለው። ስለዚህ አስታማሚዎች፣ እባካችሁ ሽንቱን ሳይለካ አትድፉ። የጠጣውንም ጻፉ።

ከዚያ ተቃራኒው ሊመጣ ይችላል። ከ4ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ በተለይ በ7ኛው ቀን አካባቢ፣ ያው ሆርሞን በዝቶ ሰውነት ውሃ ይይዛል። ሶዲየም ከ135 በታች ይወርዳል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙው ሰው ቤቱ ገብቷል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምረው ቤተሰብ በደግነት «ውሃ ጠጣ፣ ይሻልሃል» ይላል። ያ ያባብስበታል። መደናገርና የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል። ብዙ ሆስፒታሎች ለሳምንት ያህል የሚጠጣውን የሚገድቡት፣ በ7ኛው ቀን ገደማም ሶዲየም የሚለኩት ለዚህ ነው።

ከክፍለ ሀገር የመጣችሁ፣ አውቶቡስ ከመሳፈራችሁ በፊት ይህ ምርመራ መቼና የት እንደሚደረግ ጠይቁ፤ በመውጫው ወረቀት ላይም አስጽፉት። ምልክቶቹ ቀድመው ከመጡ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የፒቱታሪ ቀዶ ሕክምና መደረጉንም መጀመሪያ ተናገሩ።