«ስወጣ ማን ያዘኝ?» ለሚሉ ተመላሾች

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለው ሳምንት ለእኛ ለትኬት ቢሮዎች የመመለሻ ሳምንት ነው። ከአሜሪካ የመጡ ዘመዶች ቀን ያስቀይራሉ፣ ሻንጣ ያስጨምራሉ። አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያቺን ጥያቄ ያመጣታል፦ «እዚያ ያልቀረብኩበት የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበረ። ስወጣ ግን ማንም አልያዘኝም። ተዘግቷል ማለት ነው አይደል?»

አይደለም። ጎንደር ፒያሳ ቡና የሚጠጣው ሁሉ ግን «ተዘግቷል» ይለዋል። እኔ ደግሞ ሰለቸኝ።

ቦሌ ላይ ስንወጣ የኢሚግሬሽን መስኮት አለ። ፓስፖርት ይታያል፣ ማህተም ይመታል። ስለዚህ ሁሉም አገር እንደዚያ ይመስለናል። አሜሪካ ለሚወጣ ሰው እንዲህ ያለ መስኮት የላትም። ቲኤስኤ የሚባሉት ፈታሾች የሚያዩት መታወቂያህንና ሻንጣህን ነው፤ ስምህም እንዳይበሩ ከታገዱት ዝርዝር ጋር ይመሳከራል። የአንድ ካውንቲ (እንደ እኛ ወረዳ በለው) ዳኛ ቀጠሮው ላይ ያልቀረበውን ሰው «ተይዞ ይቅረብ» የሚል ትእዛዝ ማውጣቱን መፈለግ የእነሱ ሥራ አይደለም። ከባድ ወንጀል ያለበት ሲወጣም ሊያዝ ይችላል፤ የቀጠሮ ጉዳይ ያለበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል።

መመለሱ ነው ሌላው። አየር መንገዱ ስምህን፣ የልደት ቀንህንና የፓስፖርት ቁጥርህን አውሮፕላኑ ሳይነሳ ለአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ይልካል። እነሱም ከፖሊስ መዝገብ ጋር ያመሳክሩታል። አንተ ገና ቦሌ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ስምህ ቀድሞህ ደርሷል።

አንድ ታክሲ ነጂ ደንበኛ ነበረኝ። በትራፊክ ክስ ሳይቀርብ ቀርቷል። ነገርኩት። «ዝም ብለህ ቁረጥልኝ» አለ። ዋሽንግተን ሲደርስ ፓስፖርቱን ያየው ሠራተኛ ወደ ጎን ወሰደው፤ ከዚያ ለአየር ማረፊያው ፖሊስ አስረከበው። እናቱ አዘዞ ሆነው ለእኔ ይደውላሉ፤ «ልጄን የት አደረሳችሁት?»

የሚለቀቅም አለ። ትእዛዙን ያወጣው ግዛት ሩቅ ከሆነና ጉዳዩ ቀላል ከሆነ «መጥተን አንወስደውም» ሊሉ ይችላሉ። በዓመቱ ፒያሳ ተቀምጦ «ምንም የለም ባክህ» እያለ ሌላውን የሚያሳስተው ይኸው ዕድለኛ ነው። ትእዛዙ ግን እዚያው አለ።

«ቆይቷል፣ በይርጋ ታግዷል» የሚሉም አሉ። ይርጋ ክስ ለማቅረብ ያለው የጊዜ ገደብ ነው። ከተከሰሰ በኋላ ለጠፋ ሰው አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትእዛዝ በአብዛኛው ዳኛ እስኪያነሳው ይቆያል።

«መርከብ ላይ አይፈትሹም።» ከጎርጎራ ጀልባ ሌላ የማያውቅ ሰው ሲለው ደግሞ ይገርመኛል። ከማያሚ ተነስቶ እዚያው በሚመለስ የሽርሽር መርከብ አሜሪካዊ ዜጋ ያለ ፓስፖርት፣ በልደት ሰርተፊኬትና በመታወቂያ መሳፈር ይችላል። ወሬው ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም። የመንገደኞች ስም ዝርዝር ግን ከመርከቡም ይላካል። ስትወርድ ወደቡ ላይ ይጠብቁሃል።

«ኢንተርፖል ቢፈልገኝስ?» ለትራፊክ ክስ? ኧረ ተው።

የአገር ቤቱም ወሬ አለ፦ «የጎንደር ፍርድ ቤት ትእዛዝ አዲስ አበባ አይሠራም።» ከአዘዞ ተነስተህ ቦሌ ስላረፍክ ትእዛዝ አይሻርም። የተያዘ ሰው ግን የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው።

«አንተ ሲስተሙ ላይ ታየዋለህ አይደል?» አላየውም። የማየው ስም፣ በረራና ክፍያ ነው።

ይልቅ ቀን ከማስቀየርህ በፊት ጉዳዩ ባለበት ካውንቲ ጠበቃ ያዝ። ብዙ ቦታ መዝገብህን በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ በስም ማግኘት ይቻላል። ጠበቃው ትእዛዙ እንዲነሳና አዲስ ቀጠሮ እንዲሰጥህ ይጠይቃል፤ ለቀላል ጉዳይ ብዙ ጊዜ አንተ ሳትኖርም ይሆናል። ሲነሳ ወረቀቱን አሳትመህ በእጅህ ያዝ፣ ሻንጣ ውስጥ አትክተተው፤ ትእዛዙ ከፖሊስ መዝገብ ላይ ቶሎ ላይጠፋ ይችላል። ግሪን ካርድ ያለህ ከሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃም አማክር። ይህን ሳትጨርስ መጥተህ «የነገውን በረራ ስጠኝ» አትበለኝ።