የሞተር ሳይክል የዘይት ልክ ምንድን ነው? በትክክል የሚታየውስ መቼ ነው?

በእኛ አነጋገር «ሞተር» ሁለት ነገር ነው። የምንነዳትም ሞተር ናት፤ በሆዷ ውስጥ የሚሠራው ማሽንም ሞተር ነው። እንዳይምታታ እዚህ ላይ የምትነዳዋን ሞተር ሳይክል፣ ማሽኑን ደግሞ ሞተር እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን ስሠራ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ነበረችኝ። አንድ ቀን ዘይት ላስቀይር ወሰድኳት። ልጁ አሮጌውን አፍስሶ፣ የማፍሰሻውን ብሎን አጥብቆ፣ በጎን መቆሚያዋ ዘንበል እንዳለች አዲሱን ሞላ። በሞተሩ ቀኝ በኩል ያለችውን ክብ መስታወት እያየ ዘይቱ መሃሏ እስኪደርስ ጨመረ። እኔም አጎንብሼ አየሁና ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ሳምንት ሳይሞላ የአየር ፊልትሮው ሳጥን በዘይት ረጠበ፤ ጠዋት ሳስነሳት ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣ ጀመር። የፒስተኑ ፋሻ (ዘይት ወደ ላይ እንዳያልፍ የሚይዘው ቀለበት) ያለቀ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ። ሌላ መካኒክ ጋ ወስጄ ቀጥ አድርጎ ሲያቆማት መስታወቷ ከላይ እስከ ታች በዘይት ተሞልታለች። 300 ሚሊ ሊትር ያህል ቀነስን፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ጭሱ ጠፋ። ፋሻው ደህና ነበር። የተሳሳትነው ልኩን ባየንበት አቋም ላይ ነው።

የዘይት ልክ የሚባለው እንግዲህ በሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ጠቅላላ ብዛት አይደለም። ዘይቱ ከሞተሩ በታች ባለው ጎድጓዳ ክፍል፣ መካኒኮች ኮፓ በሚሉት ውስጥ፣ ተመልሶ ሲጠራቀም የሚደርስበት ከፍታ ነው። ፋብሪካው በመለኪያው ዘንግ ወይም በመስታወቱ ጎን ሁለት ምልክት ሲያደርግ አንድ የተወሰነ ሁኔታ አስቦ ነው፤ ሞተር ሳይክሏ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ሞተሩ ትንሽ ሠርቶ፣ ከጠፋም በኋላ ጥቂት ደቂቃ አርፎ። ከዚያ ሁኔታ ውጭ የሚታየው ከፍታ ከምልክቶቹ ጋር አይነጻጸርም። ዘይቱ ያው ዘይት ሆኖ ሳለ አንዴ ጎደለ፣ አንዴ በዛ ሊመስል ይችላል።

የማዘንበሉን ነገር በቁጥር ላሳያችሁ። አንዲት ሞተር ሳይክል በጎን መቆሚያዋ ላይ 10 ዲግሪ ብቻ ወደ ግራ አዘነበለች እንበል። መስታወቱ ወይም የመለኪያው ቀዳዳ ከሞተሩ መሃል 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ካለ፣ እዚያ ቦታ ላይ የዘይቱ ከፍታ 1.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል። መስታወቷ ራሷ ብዙ ጊዜ ከዚያ ብዙም አትበልጥም። ስለዚህ ሙሉ ዘይት ያላት ሞተር ሳይክል በጎን መቆሚያዋ ላይ ባዶ ልትመስል ትችላለች፤ ያንን አይቶ የሚጨምር ሰው ከልክ በላይ ይሞላል። የእኔን የሞላው ልጅም ይኸው ነው የደረሰበት። በስንፍና አልነበረም፤ ዓይኑ ያየውን አምኖ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን? የመኪና ሞተር ብዙ ጊዜ 4 ሊትር ገደማ ዘይት ይይዛል። እኛ አገር መንገዱን የሞሉት ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉት ሞተር ሳይክሎች ግን 1 ሊትር አካባቢ ነው የሚይዙት። ከመኪናው 300 ሚሊ ሊትር ቢጎድል ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሆንም፤ ከሞተር ሳይክሏ ቢጎድል ግን ወደ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ሥራውም ይከብዳል። በመኪና የሞተሩ ዘይትና የካምቢዮው ዘይት ለየብቻ ናቸው። በአብዛኞቹ ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎች ግን ያቺው አንድ ሊትር ፒስተኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ታገለግላለች። ሞተሩ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን ተሸክማ የምታወጣውም እሷ ናት። በደቂቃ 8,000 ጊዜ የሚዞር ክራንክ ሻፍት (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) በሴኮንድ ከ130 ጊዜ በላይ ይዞራል። በዚያ ፍጥነት ብረት ከብረት ጋር እንዳይነካካ በመካከል ያለው የዘይት ሽፋን ብቻ ነው።

ዘይቱ ሲያንስ ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ይስባል፤ በተለይ ዳገት ላይ፣ ፍሬን ሲያዝና ኩርባ ላይ። መጀመሪያ የሚጎዱት ከፓምፑ ርቀው ከላይ ያሉት የቫልቭ ክፍሎች ናቸው፤ ቀጥሎ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው የቢየላው ኩሽኔታ። መብራት ያስጠነቅቀኛል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ብዙ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች የዘይት መብራት የላቸውም። ያላቸውም ቢሆኑ መብራቱ በአብዛኛው የሚያሳየው የዘይቱን ግፊት ነው እንጂ ብዛቱን አይደለም። ሲበራ ጉዳቱ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

«ሲበዛ ምን አለበት?» የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ብዙ አለበት። ክራንክ ሻፍቱና ማርሾቹ ዘይቱ ውስጥ እየገቡ ይመቱታል፤ ሲመታ አየር ይገባበትና አረፋ ይሆናል። አረፋ እንደ ዘይት ግፊት አይሸከምም፤ ሙቀትም በደንብ አያወጣም። በኮፓው ውስጥ ያለው ግፊትም ይጨምርና ዘይቱን በመተንፈሻው ቱቦ በኩል ወደ አየር ፊልትሮው ይገፋዋል። ከዚያ ከአየሩ ጋር ተስቦ ይቃጠላል፤ እኔ ያየሁት ሰማያዊ ጭስ ያ ነው። ግፊቱ ሲቆይ ጓርኒሲዮንና ጎማ ማሸጊያዎቹን ያስነባል። ስለዚህ «ትንሽ ይብዛ፣ አይጎዳም» የሚለውን ምክር ከማንም ቢመጣ አትቀበሉ።

አሁን ልኩ እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ። ቦታው ለጥ ያለ ይሁን፤ ሲሚንቶ ወለል ይመረጣል። ሞተሩን አስነስታችሁ ለ3 እስከ 5 ደቂቃ ያለ ጋዝ ይሥራ። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነ ብርዳም ከተማ ጠዋት ላይ ከሆነ ትንሽ ረዘም ይበል፤ የቀዘቀዘ ዘይት ወፍራም ነውና ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከዚያ አጥፍታችሁ 2 ወይም 3 ደቂቃ ጠብቁ። የመጠበቁ ምክንያት ቀላል ነው፤ ሲሠራ ከነበረው ዘይት ከፊሉ ላይ፣ ቫልቮቹ ጋ፣ ማርሾቹ ላይ፣ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ አለ። ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ያየ ሰው ያ ዘይት ገና ስላልወረደ ጎድሏል ይላል። በአንጻሩ ሌሊቱን ሙሉ ያደረች ሞተር ሳይክል ውስጥ ሁሉም ወርዶ ስለሚጠራቀም ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ሙቀቱም የራሱ ድርሻ አለው። ዘይት ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ 5 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በአንድ ሊትር ላይ 50 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሁኔታ ካያችሁ ግን ይህ ልዩነት አያሳስታችሁም።

ቀጥሎ ሞተር ሳይክሏን ቀጥ ማድረግ ነው። የመሃል መቆሚያ ካላት ነገሩ ያበቃል። ከሌላት እና መለኪያዋ መስታወት ከሆነ፣ ተቀምጣችሁባት በሁለት እግራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ስልካችሁን ወደ መስታወቱ ዝቅ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው። ስልኩ ከመስታወቱ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፤ ከላይ ሆኖ ቁልቁል የተነሳ ፎቶ ያሳስታል። መለኪያው ዘንግ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው መሪውን ይያዝላችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ በቀኝ ጎኗ ቁሙና ወደ ዳሌያችሁ ሳብ አድርጋችሁ ቀጥ አድርጉት፤ አንድ እጅ መሪው ላይ፣ አንዱ መለኪያው ላይ። ከባድ ሞተር ሳይክል ላይ ግን ይህን ብቻችሁን አትሞክሩ።

የመለኪያ ዘንጉ ያለው ብዙ ጊዜ ዘይት በሚሞላበት ክዳን ላይ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ዲፕስቲክ ወይም ጌጅ ሲሉት ትሰማላችሁ። ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በጨርቅ ጥረጉ። ኮረኮንች ላይ የዋለች ሞተር ሳይክል እዚያ ቦታ ላይ አሸዋና አቧራ ትይዛለች፤ ክዳኑ ሲነሳ ያ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ፈታችሁ አውጡ፤ ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ መልሳችሁ አስገቡት። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በሆንዳ ሲጂ 125 እና በብዙ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ዘንጉ ሲለካ ዞሮ አይታሰርም፤ ክዳኑ በቀዳዳው አፍ ላይ እንዲያርፍ ብቻ ተደርጎ ይወጣል። ጥርሱ እስከ መጨረሻው ከታሰረ ዘንጉ በጥርሱ ቁመት ያህል ወደ ታች ይወርዳል፤ ብዙ ዘይት ያለ ያስመስላል። በዚያ ተታልሎ በጎደለ ዘይት የሚነዳ ሰው አለ። በሌላ በኩል ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ታስሮ ይለካ የሚሉ ሞዴሎችም አሉ። የትኛው እንደሆነ ሊነግራችሁ የሚችለው ከሞተር ሳይክሏ ጋር የመጣው መመሪያ ነው፤ ከሌላችሁ የሞዴሉን ስም ጽፋችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት፤ ገጹን በስልካችሁ አስቀምጡት።

ቀጥ አድርጎ ማቆሙም ቢሆን ሁሉንም አይመለከትም። አንዳንድ የሃርሊ ዴቪድሰን ሞዴሎች በጎን መቆሚያቸው ላይ እንዳሉ ይታዩ ይላሉ፤ ምልክቱ የተሠራው ለዚያ አቋም ነውና። እንደ ያማሃ ኤክስቲ 600 ያሉት ደግሞ ዘይታቸውን በኮፓ ሳይሆን በተለየ ጋን ውስጥ ያስቀምጣሉ። እነሱ ለብዙ ቀን ሲቆሙ ዘይቱ ከጋኑ ወደ ሞተሩ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሳያስነሳ ያየ ሰው ባዶ ነው ብሎ ይሞላና ሲነሳ ከመጠን ያልፋል። በገጠር ሥራ ላይ ብዙ ያገለገለችው ያማሃ ኤጂ 100 ፈጽሞ ሌላ ናት። ባለ ሁለት ምት ስለሆነች ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለው ዘይት በራሱ ታንከር ነው፤ የካምቢዮው ዘይት ደግሞ ለብቻው ይታያል። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይጎድላል፣ መጉደሉም ጤና ነው። ሁለተኛው ከጎደለ ግን የሚያፈስ ቦታ መፈለግ ነው።

ንባቡ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከሆነ ደህና ነው። እስከ ላይኛው መስመር መድረስ አለበት የሚል ሕግ የለም፤ እኔ ከመሃል ትንሽ ከፍ ሲል እተወዋለሁ። ከታችኛው መስመር አጠገብ ከሆነ ጨምሩ፤ ግን በጥቂት በጥቂቱ። ከፋርማሲ የሚገዛ የ50 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ለዚህ ሥራ የሚወዳደረው የለም፤ ስንት እንደጨመራችሁ ታውቃላችሁ፣ ሲበዛም በዚያው ቀዳዳ በቀጭን ቱቦ መልሳችሁ ትስባላችሁ። አንድ ስሪንጅ ጨምሩ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ እንደገና እዩ። የሚጨመረው ዘይት የሞተር ሳይክል ይሁን፤ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ያለበት። የመኪና ዘይት ውስጥ መንሸራተትን የሚጨምሩ ቅመሞች ያሉባቸው አሉ፤ እነሱ ዘይት ውስጥ የተነከረውን ፍሪሲዮን ያንሸራትቱታል።

ዘይት ሲቀየርም አንድ ነገር ይረሳል። የዘይት ፊልትሮው ከተቀየረ አዲሱ ባዶ ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ የራሱን ድርሻ ይጠጣል። ስለዚህ ሞልታችሁ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ አሠርታችሁ፣ አጥፍታችሁ፣ አሳርፋችሁ እንደገና ማየት አለባችሁ። ከጋራዥ ከመውጣታችሁ በፊት ይህ ፊታችሁ እንዲደረግ ጠይቁ። ጥያቄው ማንንም አያስቀይምም፤ ጥሩ መካኒክ እንዲያውም ሳትጠይቁት ያደርገዋል።

በየስንት ጊዜው? ለሥራ ዕለት ዕለት ለምትነዳ በሳምንት አንድ ቀን፣ ረጅም መንገድ ከመውጣት በፊት ደግሞ ሁልጊዜ እላለሁ። ዘይት መብላት የጀመረች ከሆነች ቤንዚን በተሞላ ቁጥር ይታይ፤ ቀኑንና ያነበባችሁትን ጻፉት። በሁለት ዘይት ቅያሪ መካከል ስንት እንደጎደለ ማወቅ ለመካኒኩ ከብዙ ወሬ ይጠቅመዋል።

ስታዩ ቀለሙንና ሽታውንም ልብ በሉ። መጥቆር ብቻውን ችግር አይደለም፤ ዘይት ሥራውን ሲሠራ ይጠቁራል። ወተት የመሰለ ከሆነ ግን ውሃ ገብቶበታል። በብርድ አገር አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ ሞተር ሳይክል ውስጥ ጤዛ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጊዜ በደንብ ሞቃ ረዘም ያለ መንገድ ስትሄድ ይጠፋል። ካልጠፋ ይመርመር።

ከሁሉም የሚያሰጋኝ ሳይጨመርበት ከፍ ያለ ልክ ነው። ዘይት በራሱ አይበዛም። ካርቡሬተር ባላቸው ላይ የቤንዚኑ መክፈቻ ክፍት ሆኖ ሲያድር፣ የካርቡሬተሩ ተንሳፋፊ በደንብ ካልዘጋ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። መለኪያውን አሽትቱት፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ አታስነሱት። የቀጠነ ዘይት ብረቱን አይጠብቅም፤ የቤንዚን ተን ያለበት ሞተር ማስነሳትም አደገኛ ነው። መክፈቻውን ዝጉ፣ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አፍሱ፣ ካርቡሬተሩን አስጠግኑ፤ አዲስ ዘይት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።