ኮከብ ፍሬሽማን ወይስ የበሰለ ተጫዋች፦ የአሜሪካ ኮሌጅ ሆኪ የቡድን ግንባታ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የወንዶች የበረዶ ሆኪ ውድድር አንድ አሠልጣኝ ቡድኑን የሚገነባባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ ገና በ17 እና በ18 ዓመታቸው የፕሮፌሽናል ክለቦችን ዐይን የሳቡ ወጣቶችን መልምሎ ከመጀመሪያው ዓመታቸው ጀምሮ የቡድኑ ምሰሶ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙዎች ያልተሻሙባቸውን ተጫዋቾች ተቀብሎ ለሦስትና ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት እያሠለጠኑ ለቁም ነገር ማብቃት ነው። የትኛው መንገድ ዋንጫ ያስገኛል የሚለው ጥያቄ በኮሌጅ ሆኪ ዙሪያ ያለማቋረጥ የሚያከራክር ሲሆን፣ ያለፉት አሥራ ጥቂት ዓመታት ውጤቶች ለክርክሩ ብዙ ማስረጃ አቅርበዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የበረዶ ሆኪን አይቶ ለማያውቅ አንባቢ የአገራችን የገና ጨዋታ መነሻ ሊሆነው ይችላል። በሁለቱም ጨዋታዎች ጫፉ በተቆለመመ ዱላ እየመቱ ወደ ተቃራኒ ወገን መግፋት አለ። በሆኪ ግን ሜዳው በረዶ ነው፤ የሚመታውም ፐክ የሚባል ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ነው። በአንድ ጊዜ ከየቡድኑ ስድስት ሰው ብቻ ይሰለፋል፤ ፐኩን የያዘውን ተጫዋች በትከሻ ገጭቶ ከአጥሩ ጋር ማላተምም በሕጉ የተፈቀደ ነው። የኋለኛው ነጥብ ለያዝነው ጉዳይ ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም የቱንም ያህል ተሰጥኦ ቢኖረው የ18 ዓመት ልጅ በአጥሩ ጥግ የሚገጥመው አጥንቱ የጠነከረ የ23 ዓመት ጎልማሳ ሊሆን ይችላል።

ፍሬሽማን የሚለው ቃል በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ግቢዎችም የተለመደ ነው። በኮሌጅ ሆኪ ውስጥ ግን ቃሉ ስለ ዕድሜ ብዙም አይናገርም። ሕጉ አንድ ተጫዋች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በታዳጊ ሊጎች እንዲቆይ ስለሚፈቅድለት፣ በአንድ ክፍል አብረው ከሚመዘገቡ ሁለት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች አንዱ 17፣ ሌላው 20 ወይም 21 ዓመት ሊሆነው ይችላል። ኮከብ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ይህ ልጅ በሚሺጋን በሚገኘው የብሔራዊ ቡድን ማሠልጠኛ ወይም በሌላ የታወቀ የታዳጊ ቡድን ያደገ፣ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ኤንኤችኤል በየዓመቱ በሚያካሂደው የወጣቶች ምርጫ፣ ማለትም በድራፍት፣ በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ወይም እንደሚመረጥ የሚጠበቅ ነው። ክለቡ መብቱን ይዞ ልጁ ኮሌጅ እንዲጫወት ይተወዋል፤ በቃ ደርሷል ባለ ጊዜም ያስፈርመዋል። በዚህ ምክንያት ኮከቡን የመለመለው አሠልጣኝ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ የውድድር ዘመን፣ ቢበዛ ሁለት ነው።

የኮከብ ፍሬሽማን አቅም ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት የሆቢ ቤከርን ሽልማት ማየት ይበቃል። የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚያገኘውን ይህን ሽልማት እስከ 2024 ድረስ የወሰዱት ፍሬሽማኖች አራት ብቻ ናቸው፤ እነሱም በ1993 የሜይኑ ፖል ካሪያ፣ በ2015 የቦስተን ዩኒቨርሲቲው ጃክ አይክል፣ በ2023 የሚሺጋኑ አዳም ፋንቲሊ እና በ2024 የቦስተን ዩኒቨርሲቲው ማክሊን ሴለብሪኒ ናቸው። ካሪያ በ39 ጨዋታ 100 ነጥብ አስመዝግቧል፤ በሆኪ አንድ ተጫዋች ያገባቸው ግቦችና ለግብ ያቀበላቸው ሲደመሩ ነጥብ ይባላሉ። ከአራቱ በፍሬሽማንነቱ ዋንጫውን ያነሣው ካሪያ ብቻ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። እሱም ቢሆን ዋንጫውን ያነሣበት መንገድ የራሱ ትምህርት አለው። በ1993 የፍጻሜ ጨዋታ ሜይን በሌክ ሱፒሪየር ስቴት 4 ለ 2 እየተመራ ወደ ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ከገባ በኋላ፣ የአራተኛ ዓመት ተማሪና አምበል የነበረው ጂም ሞንትገመሪ በተከታታይ ሦስት ግብ አግብቶ ጨዋታው 5 ለ 4 ተጠናቀቀ፤ ሦስቱንም ያቀበለው ካሪያ ነበር። ሞንትገመሪ በድራፍት ያልተመረጠ ተጫዋች ነበር። የፍሬሽማኑ ዐይንና የአንጋፋው እጅ እንደዚያ የተገናኙበት ሌላ ጨዋታ ማግኘት ያዳግታል።

አይክል ዕድሉ የተለየ ነበር። በ2015 ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ለፍጻሜ ከፕሮቪደንስ ጋር ተጫውቶ 3 ለ 2 እየመራ ሳለ፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ላይ የተለቀቀ አስጊ ያልነበረ ፐክ የቦስተኑ ግብ ጠባቂ እጅ ከገባ በኋላ ሾልኮ ከእግሩ መሐል ወደ መረቡ ገባ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የአሸናፊነቱን ግብ ያገባው ብራንደን ታኔቭ የሚባል በድራፍት ያልተመረጠ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ለዋንጫው የሚደረገው አገር አቀፍ ውድድር ከ2003 ጀምሮ 16 ቡድኖች የሚካፈሉበት ሲሆን፣ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ይሰናበታል። እንዲህ ባለ ሥርዓት የአንድ ሌሊት ዕድል ትልቅ ድርሻ ስላለው፣ ከአንድ ጨዋታ ተነሥቶ አጠቃላይ ፍርድ መስጠት አይገባም። ሆኖም ተመሳሳይ ነገር ደጋግሞ ሲታይ ዕድል ብቻ ነው ብሎ ማለፍም ያስቸግራል። በ2021 በተካሄደው ድራፍት ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተመራጮች አራቱ በቀጣዩ ወቅት በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ማልያ ነበሩ፤ በቡድኑ ውስጥ በአንደኛ ዙር የተመረጡት በአጠቃላይ ሰባት ደርሰው ነበር። ያ ቡድን በ2022 ግማሽ ፍጻሜ በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸነፈ።

በ2024 በሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ የታየው ግን ከሁሉ የበለጠ ገላጭ ነው። ሴንት ፖልም ሆነች ዴንቨር ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ስለሆኑ፣ ከአንባቢዎቻችን መካከል በዚያ ሚያዝያ የከተማውን ግርግር ያስተዋለ ሳይኖር አይቀርም። ቦስተን ኮሌጅ ይዞ የመጣው ዊል ስሚዝን፣ ራየን ሌናርድንና ጌብ ፔሮን ነበር፤ ሦስቱም ፍሬሽማኖች፣ ሦስቱም በ2023 በአንደኛ ዙር የተመረጡ፣ በብሔራዊ ማሠልጠኛውም በአንድ መስመር፣ ማለትም አብረው በሚሰለፉ ሦስት አጥቂዎች ምድብ፣ የተጫወቱ ናቸው። ስሚዝ በ71 ነጥብ የአገሪቱ ቀዳሚ ነበር። ግብ ጠባቂያቸው ጄኮብ ፋውለርም ፍሬሽማን ነበር። በሌላ በኩል ቦስተን ዩኒቨርሲቲ በ38 ጨዋታ 64 ነጥብ ያስመዘገበውን የ17 ዓመቱን ሴለብሪኒን አሰልፎ ነበር። ዴንቨር በግማሽ ፍጻሜ ቦስተን ዩኒቨርሲቲን በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1፣ በፍጻሜው ደግሞ ቦስተን ኮሌጅን 2 ለ 0 አሸንፎ አሥረኛውን ዋንጫ ወሰደ። በውድድሩ በአራት ጨዋታ የገባበት ግብ ሦስት ብቻ ነው።

በዚያ ምሽት ከዴንቨር መረብ ፊት የቆመው ማት ዴቪስ በድራፍት ያልተመረጠ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለሁለት ዓመት በተጠባባቂነት ከሌላ ግብ ጠባቂ ጀርባ ተራውን ሲጠብቅ የኖረ ነው። በፍጻሜው 35 ሙከራ አክሽፏል። በጨዋታው ማብቂያ ላይ ቦስተን ኮሌጅ አገሪቱን ሲያንቀጠቅጥ የቆየውን የማጥቃት ኃይሉን በሙሉ ሲያፈስስበት፣ ልጁ ከአንዱ የግብ ጫፍ ወደ ሌላው በጉልበቱ እየተንሸራተተ ያከሸፋቸው ሙከራዎች፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ ሁለት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራ መጠበቅ ምን ሊያፈራ እንደሚችል ያሳያሉ። ያም ሆኖ ዴንቨርን የልፋት ብቻ ቡድን አድርጎ መሳል ስሕተት ነው። በዚያው ዓመት ለዴንቨር 50 ነጥብ ያስመዘገበው ተከላካይ ዜቭ ቡዩም ፍሬሽማን ነበር፤ በዚያው ክረምትም በድራፍት 12ኛ ሆኖ ተመርጧል። የዴንቨር ልዩነት ኮከብ አለመፈለጉ ሳይሆን፣ ኮከቡ ሲመጣ ዙሪያውን የሚይዙ የበሰሉ ሰዎች ተዘጋጅተው መቆየታቸው ነው።

የዴንቨር አሠልጣኝ ዴቪድ ካርል ራሱ ዩኒቨርሲቲ ሰውን እንዴት እንደሚያበቃ የሚያሳይ ምስክር ነው። በ2008 የ18 ዓመት ተከላካይ ሳለ የልብ ጡንቻ ሕመም ተገኝቶበት መጫወት ተከለከለ፤ ዴንቨር ግን ቃል የገባለትን የነፃ ትምህርት ዕድል ሳይነሣው ተቀበለው፤ እሱም ተማሪ ሆኖ በረዳት አሠልጣኝነት መሥራት ጀመረ። ቆይቶም የዚያን የሜይን አምበል የሞንትገመሪ ረዳት ሆነ፤ ሞንትገመሪ ዴንቨርን በ2017 ለዋንጫ ያበቃ አሠልጣኝ ነው። በ2018 ካርል ቦታውን ሲረከብ 28 ዓመቱ ነበር።

ተጫዋችን ማብቃት ሲባል በተግባር ምን ማለት እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። የኮሌጅ ቡድን በመደበኛው ወቅት የሚጫወተው 34 ገደማ ጨዋታ ሲሆን፣ አብዛኛው ዓርብና ቅዳሜ ማታ ነው። የካናዳ ዋና የታዳጊ ሊጎች ቡድን ግን 68 ያህል ጨዋታ ስላለው ብዙውን ጊዜ በጉዞና በግጥሚያ ያልፋል። ስለዚህ የኮሌጁ ልጅ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ቀን ለክብደት ማንሣት፣ ለስኬቲንግ እርማትና ያለፈውን ጨዋታ በቪዲዮ ለማጥናት ይውላል። በ18 ዓመቱ ቀጭን የነበረ አጥቂ በ22 ዓመቱ ሌላ ሰው ሆኖ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። ቁመቱ አጭር ነው ተብሎ በድራፍት የታለፈው ማርቲን ሴንት ሉዊ በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተጫውቶ፣ በኋላ በ2004 የኤንኤችኤል ምርጥ ተጫዋች ለመባል በቅቷል።

ከኮከብ ይልቅ በማብቃት ላይ የቆሙት ብዙውን ጊዜ ምርጫ ያልነበራቸው ትምህርት ቤቶች ናቸው። በ2013 ዋንጫውን ያነሣው ዬል፣ እንደ ሌሎቹ የአይቪ ሊግ አባላት፣ ለስፖርት ችሎታ የነፃ ትምህርት ዕድል አይሰጥም። በ2014 ሚኒሶታን በፍጻሜው 7 ለ 4 ያሸነፈው ዩኒየን ኮሌጅም በወቅቱ አይሰጥም ነበር፤ ይህ ከ2 ሺህ ብዙም የማይበልጡ ተማሪዎች ያሉት አነስተኛ ኮሌጅ ነው። ኩዊኒፒያክ ዩኒቨርሲቲን ከ1994 ጀምሮ ያሠለጠነው ራንድ ፔክኖልድ በ2023 ፍጻሜ የገጠመው በድራፍት ተመራጮች የተሞላውን ሚኒሶታን ነበር። ቡድኑ 2 ለ 0 ከመመራት ተነሥቶ አቻ ሆነ። ጭማሪው ሰዓት እንደተጀመረ የአምስተኛ ዓመት ተማሪ የነበረው አምበል ዛክ ሜትሳ ፐኩን ከኋላ አሻገረ፤ ፍሬሽማኑ ሳም ሊፕኪን ተቀብሎ ለጄኮብ ኩዊላን አቀበለ፤ ኩዊላንም ግብ ጠባቂውን አታልሎ አገባ። ሰዓቱ የቆጠረው 10 ሰከንድ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ አስቀድሞ የተጠና እንቅስቃሴ ሰዎች አብረው በቆዩበት ቡድን ውስጥ እንጂ ትናንት በተሰባሰበ ቡድን ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

ሁለቱ መንገዶች ሊገናኙ እንደሚችሉ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ግሬግ ካርቬል አሠልጣኝ ሆኖ በገባበት በ2016–17 የውድድር ዘመን ቡድኑ 5 ጊዜ አሸንፎ 29 ጊዜ ተሸንፏል። ቀጥሎ ከአልበርታ የታዳጊ ሊግ የመጣው ኬል ማካር በ2017 ድራፍት አራተኛ ሆኖ የተመረጠ ተከላካይ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ከመሄድ ይልቅ ሁለተኛ ዓመት ቆየ፤ በ2019ም የሆቢ ቤከርን ሽልማት ወስዶ ቡድኑን ለፍጻሜ አደረሰ። ዋንጫው ግን የመጣው በ2021፣ ማካር ከሄደ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሴንት ክላውድ ስቴትን 5 ለ 0 በማሸነፍ ነው። ኮከቡ የቡድኑን ደረጃ ከፍ አድርጎ ሄደ፤ እሱን እያዩ ያደጉት ደግሞ ሥራውን ፈጸሙት።

ይህ የኃይል ሚዛን አሁን በሕግ ለውጥ እየተናወጠ ነው። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋች ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ሲዛወር አንድ ዓመት መቀመጡ ቀርቶለታል፤ ስለዚህ አነስተኛው ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ደክሞ ያበቃውን ልጅ ትልቁ ሊወስድበት ይችላል። በኅዳር 2024 ደግሞ የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ ለዘመናት እንደ ፕሮፌሽናል ተቆጥረው የታገዱትን የካናዳ ዋና የታዳጊ ሊጎች ተጫዋቾች ከነሐሴ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለመቀበል ወሰነ። በዚያው ክረምት በትውልዱ ከታዩት ምርጥ ወጣቶች አንዱ የሚባለው በካናዳ የታዳጊ ሊግ ለሜዲሲን ሃት ይጫወት የነበረው ጋቪን ማኬና ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲን መረጠ። በተጨማሪም በሰኔ 2025 በፍርድ ቤት የጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ሲፈቅድ፣ ስምምነቱን የተቀበሉ የሆኪ ቡድኖች የተጫዋች ቁጥር ከ26 እንዳይበልጥ አድርጓል።

በእነዚህ ለውጦች መካከል ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የኮከቡ ዕጣ አይደለም፤ እሱ የትም ይሁን የት ቦታ አያጣም። የሚያሳስበው ዘግይቶ የሚያብበው፣ በ20 ዓመቱ ከታዳጊ ሊግ መጥቶ በአራተኛው መስመር ወይም በሦስተኛ ግብ ጠባቂነት ሊጀምር የነበረው ልጅ ነው። ከካናዳ የሚመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሠለጠኑ ወጣቶች ወደ 26ቱ ቦታዎች ሲሻሙ፣ በመጀመሪያ የሚጠበው የዚህ ልጅ ወንበር ነው፤ ማት ዴቪስ ሁለት ዓመት የተቀመጠበት ወንበር።